ሰባት የቀርከሃ አንጓ

በሳሩንባ መንግሥት ቀርከሃ ሲያብብ ማንም ደስ አይለውም። በስድሳ ዓመት አንዴ ያብባል፤ አብቦም ይሞታል። ፍሬው አይጥ ይጠራል፤ አይጡም ፍሬውን ሲጨርስ ፊቱን ወደ ሩዝ ጎተራ ያዞራል። ንግሥት ኢሳንዳ በነገሠች በዐሥራ አንደኛው ዓመት ያ ክፉ ምልክት ታየ። ሸለቆው ሁሉ ገርጣጣ አበባ ለበሰ፤ ሁለት ወር ሳይሞላም ጎተራው ተጠርጎ አለቀ።

ንግሥቲቱ ቀማሾቿን አስጠራች። ቀማሽ ማለት በዚያ አገር ዱር ያበቀለውን ሁሉ የሚያውቅ፣ ሕዝቡ ከመብላቱ በፊትም በአደባባይ ተቀምጦ የሚበላ ሰው ነው። እርሱ በልቶ ፀሐይ እስክትጠልቅ በደህና ከዋለ ሌላው ይበላል። ድሮ አርባ ነበሩ። አሁን የቀሩት ሽማግሌው ዳቱማርና ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጋት ሩማሊ ብቻ ነበሩ። በጥጋብ ዘመን ቀማሽን ማን ያስታውሰዋል?

«ጋዱን የሚባል ሥር አለ» አለ ዳቱማር በዙፋኑ ፊት ቆሞ። «ቦዬ ይመስላል፤ ሐረጉ እሾሃማ ነው፤ በጥቁሩ ደን ይበቅላል። አያቶቻችን ካለፈው ረኃብ የዳኑት በእርሱ ነው። እንዳለ የበላው ግን ይሞታል። መርዙ እንዴት እንደሚወጣ የሚያውቅ ከሰው ወገን አልቀረም። የምታውቀው የደኑ ጠባቂ፣ ዘንዶዋ ናጉራ ናት።»

ሩማሊ ተንበርክካ መሬቱን በመዳፏ ነካች። «በቀመስኩት ቅጠል ሁሉ እምላለሁ፤ ምስጢሩን ሳልይዝ አልመለስም!»

ንግሥቲቱ ካቡሎ የሚባለውን የዘብ አለቃ ጨመረችላቸው። ካቡሎ ሰይፉን ስሎ፣ ጢሙን አሹሎ ወጣ። በመጀመሪያው ቀን ግን የማረከው አልቅት ነበር። ዳቱማር እየሳቀ የዱር ዝንጅብል ወቅጦ እግሩን ቀባው። ውኃ ሲጠማቸው ወፍራም ሐረግ ቆርጦ ከውስጡ የሚንጠባጠበውን አጠጣቸው፤ እሾህ ሲወጋቸው የእርድ ሥር ፈጭቶ ቁስላቸው ላይ አሰረ። ከእያንዳንዱ ተክል ሲወስድም ጥቂት ያስቀር ነበር።

በአምስተኛው ቀን ናጉራ መንገዳቸውን ዘግታ አገኟት። ጀርባዋ ላይ ሽበት የሚሉት የጥላ ቅጠል በቅሎበታል፤ ዓይኖቿ የረጋ ኩሬ ይመስላሉ። ካቡሎ ሰይፉን መዘዘ።

«መልሰው ልጄ» አለው ዳቱማር። «በሰው ቤት እንግዳ ነን።»

ሩማሊ ግንባሯን መሬት አስነክታ የመጣችበትን ተናገረች። ዘንዶዋም ራሷን ወደ እርሷ ዝቅ አድርጋ፣ «ሥሩን ቆፍሩ፤ አናቱን ግን መልሳችሁ ቅበሩ» አለች። «በስሱ ክተፉት፤ በአመድና በጨው እሹት። ከዚያ ቀርከሃ ሰባት አንጓ እስኪጥል ወራጅ ውኃ ይጠበው።»

በሳሩንባ የሠርግ ቀጠሮ ሳይቀር የሚለካው በቀርከሃ ነው። ቡቃያው በቀን አንድ አንጓ እንደሚጥል ሕፃን ልጅም ያውቃል። ስለዚህ ሩማሊ ሰባት ቀን መሆኑን ለመጠየቅ እንኳ አላሰበችም።

አራት ቀን ቆፈሩ። የደኑ ቀርከሃ ቀጭን፣ ሌላ ዘር ነበር፤ አላበበም። ሩማሊ ቁፋሮው በተጀመረ ዕለት በአንዱ ቡቃያ ጫፍ ላይ መቀነቷን አሰረች። በአራተኛው ቀን ስትፈታው ከመቀነቱ በላይ ሁለት አንጓ በቅሏል። አየችው፤ ግን ልቧ አገር ቤት ስለነበር አልፋው ሄደች።

አገር ቤት ተመልሰው ሥሩን ከተፉት፤ በአመድና በጨው አሽተውም በቅርጫት አድርገው ወንዝ ውስጥ አስቀመጡት። በሰባተኛው ቀን ጧት፣ ቅርጫቶቹ ከወንዙ ሲወጡ፣ ሩማሊ መቀነቷን ስታጠብቅ እጇ ቀጥ አለ። አራት ቀን፣ ሁለት አንጓ። በጥላ ያደገ ቀርከሃ ሰነፍ ነው፤ ናጉራም ከደኗ ወጥታ አታውቅም። እየሮጠች ወደ ዳቱማር ሄደች።

«አባባ፣ ሰባት ቀን አይበቃውም! በእርሷ ቀርከሃ ዐሥራ አራት ቀን ነው።»

ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ። «እኔም አብሬሽ ነበርኩ፤ አላየሁትም።»

ሩማሊ ለሕዝቡ ተናገረች፤ የሰማት ግን አልነበረም። «ሌላ ሰባት ቀን?» አለች ልጅ ያዘለች ሴት። «ይሄ እስከዚያ ይቆይልኛል?» ሰዉ ድስት ድስቱን ይዞ ወደ ቅርጫቶቹ ገፋ። ካቡሎ ዘቦቹን አሰለፈ፤ ዘቦቹም ራሳቸው ርቧቸው ነበር።

«ሕዝቤን በጦር ልውጋው?» አለች ንግሥቲቱ።

ያን ጊዜ ዳቱማር በትሩን አነሣ። «ሥርዓት ይከበር! ቀማሽ ሳይበላ ማን ይበላል?»

ሕዝቡ ቆመ። ሩማሊ የሚያደርገው ገባት፤ እጁን ያዘችው። «እኔ ልብላው። ስህተቱ የእኔ ነው።»

«አንቺ ከሞትሽ የዛሬ ሳምንት ማን ይቀምሳል?» አላት በቀስታ። «የማውቀውን ሁሉ ሰጥቼሻለሁ። ይህቺ ብቻ ቀርታኛለች። አጠገቤ ተቀመጪና ልብ በይ።»

ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ አኘከ። «ጉሮሮ ይበላል» አለ። «ከዝንጅብል ይብሳል። … አሁን ከንፈሬ ደነዘዘ። … ጣቶቼ ቀዘቀዙ፤ ይህንንም ያዥ።» እያለቀሰች ያዘች። እኩለ ቀን ላይ ምላሱ ታሰረ፤ ከዚያ ወዲያ እጇን እየጨበጠ ነገራት። ፀሐይ ሳትጠልቅ እጁ ላላ።

ቅርጫቶቹን የነካ አልነበረም። ልጅ ያዘለችው ሴት ራሷ ወደ ወንዙ መለሰቻቸው። ሰባት ቀን ሩማሊ የዱር ሙዝ ግንድ ውስጡን እያወጣች፣ ለጋ የሽበት ቡቃያ እየቀቀለች ሕዝቡን አቆየች፤ የታዘለው ሕፃንም በሕይወት ሰነበተ።

በዐሥራ አራተኛው ቀን በሽማግሌው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ካቡሎ ሰይፉን ፈትቶ ከኋላዋ ቆመ። ድስት ይዞ የተጋፋ የለም፤ ሕዝቡ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሩማሊ ጎረሰች፤ ቀስ ብላ አኘከች። ከዚያ ባዶ ወደነበረው ጎኗ ዞር አለች።

«ጉሮሮ አይበላም፣ አባባ» አለች። «ከንፈሬም አልደነዘዘም።»

ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስም አንድ ሳታስቀር ነገረችው።