የዳዳር ግልገሎች

የአንድ ወር ሕፃን ግማሽ ቀን ሲሮጥ መዋሉ በሰሌዳው ላይ ሲታይ፣ በቁጥጥር ማዕከሉ ማንም አልደነገጠም። «አልቦው ተበላሽቷል» ተባለና የጥገና ሠራተኛዋ ኤልዳና ወደ ዳዳር ቀበሌ ተላከች።

አልቦው በየሕፃኑ ቁርጭምጭሚት የሚታሰር ቀለበት ነው። እንቅስቃሴውን ይመዘግባል፤ ላቡን እየመረመረም ልጁ የእናቱን ጡት ብቻ መጥባቱን ያያል፤ ስድስት ወር ሳይሞላው ጠብታ ውሃ ከቀመሰ ያሳብቃል። ጡት ብቻ የሚጠቡ ልጆች የበዙበት ቀበሌ በአገሩ ካርታ ላይ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሽልማቱም በየቀኑ የሚመጣ የውሃ ቦቴ ነው። ያነሱበት ቀይ ይሆናል፤ ምንም አያገኝም። ላለው ይጨመርለታል ይሏል ይሄ ነው። ደጋው ድሮም ምንጭ በደጁ ስለሆነ አረንጓዴ ነው። ከቆላው አረንጓዴ የሆነችው ዳዳር ብቻ ስለነበረች፣ አለቆቹ ለእንግዳ የሚያሳዩት እሷን ነበር።

ኤልዳና ከበራሪ መኪናዋ ወርዳ በረቱን ስታይ ሳቀች። አልቦዎቹ የታሰሩት የፍየል ግልገሎች እግር ላይ ነው። ወዲያው ግን ሳቋ ደረቀ።

«ሕፃናቱስ?»

መዲና የምትባል እናት ልጇን ከጡቷ ሳታላቅቅ ቀረበች። «ይኸው ይጠባል። ዛሬማ ሁሉም ይጠባሉ።»

«ታዲያ ለምን ፍየል ላይ?»

«ቀይ ሳለን ውሃ ፍለጋ ጎህ ሲቀድ ወጥቼ የምመለሰው ማታ ነበር። የፊተኛው ልጄ ማንን ይጥባ? እናቴ ጨርቅ በውሃ እየነከረች ታጠባው ነበር። ተቅማጥ ያዘው፤ ቀበርኩት። ግልገል ግን ከእናቱ ጡት ሌላ ምን ያውቃል? ሣር መቀንጠስ ሲጀምር አልቦውን ወደ ታናሹ እናዛውራለን። በእነሱ ቦቴው መጣ፣ እኛም ቤት ዋልን። እባክሽ እህቴ፣ ውሃችንን አታስቀሪብን።»

ኤልዳና ግልገሎቹንና ሕፃኑን ተራ በተራ አየች። ነገ ሌላ ሠራተኛ ቢላክና ቢደርስበት ቀበሌዋ ጨርሳ ትሰረዛለች። ልጆቹ በእርግጥ የሚጠቡ ከሆነስ እውነቱ ምን ያስፈራል?

«ለልጆቹ እንሰርላቸው» አለች። «አይዟችሁ፣ እኔ አለሁ።»

እናቶቹ አመነቱ፤ በኋላ ግን አመኗት። አልቦዎቹን ከግልገሎቹ እየፈታች በሕፃናቱ እግር አሰረች፤ ሁሉም አረንጓዴ አበሩ። ደስ ብሏት ተመለሰች።

ወሩ ሳይሞላ ሹፌር አልባው ቦቴ አሸዋ ውስጥ ተቀረቀረ። እናቶቹ ቢጠብቁት ቀረ፤ ጀሪካናቸውን አንስተው ወደ ሩቁ ጉድጓድ ወጡ። አያቶች ለሚያለቅሱት ልጆች እርጥብ ጨርቅ በአፋቸው አደረጉላቸው። አልቦዎቹ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ቦቴው ከአሸዋው ሲወጣ ዳዳር ቀይ ሆና ስለነበር፣ ከመንገድ ተመለሰ።

ኤልዳና አለቃዋ አቶ ልዑልሰገድ ዘንድ ገብታ ቦቴው እንዳይቀርባቸው ለመነች።

«ደንብ ነው» አላት። «ግን ዝም ብለን አንተዋቸውም፤ አስተማሪ እንልካለን።»

አስተማሪው ተናጋሪ ማሽን ነው። ማሽኑ ዳዳር ሲደርስ ኤልዳና በሰሌዳዋ ላይ ተመለከተች። ግቢው መሃል ቆሞ፣ «የተከበራችሁ እናቶች፣ የእናት ጡት ምትክ የለውም» ብሎ ጀመረ። እናቶቹ ውሃ ሊቀዱ ወደ ሩቁ ጉድጓድ ሄደዋል። በየጎጆው ከሕፃናትና ከአሮጊቶች በቀር ማንም አልነበረም። ኤልዳና አፈረች፤ ደንቡን ለማሽኖቹ ያስተማሩት እሷና ባልደረቦቿ ናቸው።

ማሽኑ ትምህርቱን ሲጨርስ፣ «ጥያቄ ያላት እናት አለች?» አለ።

ከመዲና ጎጆ ሕፃን ጮሆ አለቀሰ። ማሽኑ በትሕትና ጥቂት ጠበቀና፣ ጥያቄ የለም ብሎ መዘገበ።