የጎረቤት ጣሳ

ሳንቲሜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ከእናቷና ከአባቷ ጋር የምትኖረው ብዙ ተከራይ ባለበት ረጅም ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል ባላት ቤት ነው። የወጣላት ስም ሌላ ነው። ሳንቲሜ ያሏት የግቢው ሰዎች ናቸው፤ ትንሽ ስለሆነችና መሬት ላይ የወደቀ ሳንቲም ከማንም ቀድሞ ስለሚታያት። በእናንተም መካከል እንዲህ ዓይነት ዓይን ያለው ልጅ እንዳለ አውቃለሁ። ስም አልጠራም።

አባቷ አናጺ ነው። እናቷ ገበያው ዳር ልብስ ትሰፋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ገቢ ጠረጴዛው ላይ አፍስሰው በአራት የወተት ዱቄት ጣሳዎች ይከፋፍሉታል። አንዱ የቤት ኪራይ ነው፣ አንዱ የቀለብ፣ አንዱ የትምህርት ቤት። አራተኛውን የጎረቤት ጣሳ ይሉታል። የቸገረው ሰው ሲመጣ ከዚያ ይሰጠዋል። ገንዘብም መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው፤ ከኪራዩም በፊት።

«ለምን በመጨረሻ አይሆንም?» ብላ ሳንቲሜ አንድ ቀን ጠየቀች።

«በመጨረሻማ ምን ይተርፋል?» አለ አባቷ። «ጌታችን ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ አለን እንጂ፣ ከተረፈህ ውደድ አላለንም።»

ከሰዓት በኋላ ቤት የምትገኘው ሳንቲሜ ብቻ ስለሆነች የጎረቤት ጣሳ ለእሷ ተሰጠ። እናቷ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀቻት። «ሰው ከመጣ ስጪ። ለምን፣ እንዴት እያልሽ አትመርምሪ። ሰው ቸግሮኛል ለማለት ስንቴ ከደጃፍ እንደሚመለስ አንቺ አታውቂም።»

መጀመሪያ ላይ ሳንቲሜ እጇ ለመስጠት የተፈታ ነበር። ለግቢው ጥበቃ የአውቶብስ ሰጠች። ለአንዱ ተማሪ የደብተር ሰጠች። ከዚያ አንድ ወር ሙሉ ማንም ሳይመጣ ቀረ፤ ጣሳው ከበደ። ሳንቲሜ ከትምህርት ቤት እንደገባች ምሳዋን እንኳ ሳትቀምስ ገንዘቡን አልጋው ላይ ትዘረግፍና ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ቆጥራ ወደ ጣሳው ትመልስና አልጋው ሥር ትከተዋለች። በማግስቱ ደግሞ ያንኑ። ልብ በሉ ልጆች፣ ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልተሳደበም። እሷም ጎበዝ ቆጣቢ የሆነች መስሏት ነበር።

አንድ ማክሰኞ በሩ ተንኳኳ። የመጣችው የጎን ቤቷ ልብስ አጣቢ ናት፤ የሰው ልብስ አጥባና ተኩሳ አንዲት ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት። ልጇም የሳንቲሜ ጓደኛ ናት፤ ክፍል ውስጥ በአንድ ወንበር ነው የሚቀመጡት።

«እናትሽ አለች፣ የኔ ቆንጆ?»

«ሥራ ላይ ናት፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ላንቺው ልንገርሽ። ልጄን ትኩሳቱ አልለቅ አላት። ሐኪሙ መድኃኒት አዞ ነበር፣ እጄ ላይ ግን ምንም የለም። ከጣሳው ትንሽ ብትሰጪኝ።»

ጣሳው እስከ አፉ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ከተሰጠ ይጎድላል። ሳንቲሜ ይህን አሰበችና ምላሷ ቀደማት።

«ባዶ ነው፣ እትዬ።»

እኔ ይህን ስሰማ ክው ብዬ ነው የቀረሁት። አብራት የምትቀመጥ ጓደኛዋ ታማለች፣ መድኃኒቱ ታዟል፣ ገንዘቡ አልጋ ሥር አለ፤ እና ባዶ ነው! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእናቷ ጉያ ያደገች ልጅ ይህን ከየት አመጣችው እያልኩ ብዙ አሰብኩ።

አጣቢዋ ግን አልተከራከረችም። «እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ተመለሰች።

ሐሙስ ዕለት አባቷ ከወትሮው ቀድሞ ገባ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዟል፤ ፊቱ ፈክቷል። እናቷም ገና መግባቷ ነበር።

«ምን እንዳመጣሁልሽ ገምቺ» አላት። «ካውያ። አሮጌ ዕቃ ሻጩ ዘንድ ነው ያገኘሁት። አንዲት ሴት ቸኩላ ሸጠችልኝ አለኝ። እኔም ተከራክሬ ተከራክሬ በሩብ ዋጋ ወሰድኩት።»

እናቷ ጋዜጣውን ፈታች። እጀታው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ተጠምጥሟል። አገላብጣ አየችው።

«ይህን ጨርቅ የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «የአጣቢዋ ካውያ ነው።»

«የትኛዋ አጣቢ?»

«የጎናችን ናታ። መተዳደሪያዋን ነው የሸጠችው። ያለዚህ በምን ልትሠራ ነው?»

አባቷ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እኔ ደግሞ ቀንስ እያልኩ ስጨቃጨቅ ነበር» አለ። «ምነው እኛ ዘንድ ሳትመጣ?»

«መጥተው ነበር» አለች ሳንቲሜ።

ሁለቱም ዞረው አዩአት።

«ማክሰኞ መጥተው ነበር። ባዶ ነው አልኳቸው።»

እናቷ ጎንበስ ብላ ጣሳውን ከአልጋው ሥር ሳበችው። ለማንሳት ሁለት እጅ ፈለገ። ሳንቲሜ ቁጣ ስትጠብቅ፣ እናቷ ክዳኑን ከፍታ ውስጡን አየች።

«እኔም ጥፋተኛ ነኝ» አለች። «በየሳምንቱ እዚህ ስጨምር፣ ማን ወሰደ፣ ማን ቸገረው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ጎረቤቴን ረስቼ ጣሳ ስቀልብ ከርሜያለሁ።»

ሳንቲሜ ብትመታ ይሻላት ነበር። አባቷ ካውያውን አንስቶ፣ «ጣሳውን አንቺ ያዢ» አላት። «የምትናገሪውም አንቺ ነሽ።»

የአጣቢዋ በር አሥር እርምጃ ነው። ያን ዕለት ግን አላልቅ አላት። በሩ ሲከፈት ጓደኛዋ ፍራሽ ላይ ተኝታ ታየቻት፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም። አጠገቧ አንድ ብልቃጥ ብቻ አለ። ሐኪሙ ያዘዘው ሁለት ዓይነት ነበር፤ የካውያው ዋጋ ግን ለአንዱ ብቻ ነው የበቃው።

«ዋሽቼዎታለሁ፣ እትዬ» አለች ሳንቲሜ። «ጣሳው ባዶ አልነበረም።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ያውቃሉ?»

«ግድግዳችን አንድ ነው እኮ። ስትቆጥሪ በየቀኑ እሰማሻለሁ። ማክሰኞም ቆጥረሽ ስትጨርሺ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ለምን ለእማዬ አልነገሩም?» አለች ሳንቲሜ።

«በእናትሽ ፊት ላዋርድሽ? ካውያ ይተካል። ውሸታም የሚባል ስም ግን ከወጣ በኋላ በምን ይመለሳል?»

ይቺ ሴት፣ ልጇ በትኩሳት እየተቃጠለች፣ የዋሸቻትን የጎረቤት ልጅ ስም ስትጠብቅ ነበር። ሳንቲሜ ይህ ሲገባት ጣሳውን መሬት አስቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «ይቅር ይበሉኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። አጣቢዋ እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላት። አባቷ ካውያውን መልሶ፣ ከጣሳው ገንዘብ ወስዶ፣ መድኃኒት ቤቱ ሳይዘጋ ለመድረስ እየሮጠ ወጣ።

ጓደኛዋ ሰኞ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። ሳንቲሜ ወንበሩ ላይ አጠገቧ የቀረውን ባዶ ቦታ እያየች፣ «ጌታ ሆይ፣ በእኔ ጥፋት እሷ አትቀጣ» እያለች ትጸልይ ነበር። ዓርብ ጠዋት ጓደኛዋ ከስታ፣ አንገቷን በሻሽ ጠቅልላ መጣች። ሳንቲሜ ተነሥታ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጣሳውንም፣ ውሸቱንም።

ጓደኛዋ ሰምታ ጨረሰችና፣ «ያን ዕለት ቤት መጥተሽ ስትናገሪ ሰምቼሻለሁ» አለች። «አሁን ጠጋ በይልኝ፣ እግሬ ዝሏል።»

ልጆች፣ መቆጠብ መልካም ነው፤ ከተቸገረ ባልንጀራ የምንደብቀው ገንዘብ ግን ስስት ነውና፣ ገንዘባችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት ጎረቤታችሁን አስቡ።