ዓመቱን ያስቀደመው መስመር

ሬሳው ከበሩ ሥር ተገኘ፤ ሁለት መዳፎቹ በሩ ላይ ተጣብቀው ደርቀዋል። ሰውየው የሥጋ ማከማቻው ባለቤት ነበር። የቅዝቃዜ ክፍሉን ከውጭ ቀርቅረውበት፣ በገዛ ቤቱ ከተሰቀለ ሥጋ ጋር አድሮ ሞተ። ሐኪሙም «ይኼ ብርድ እያለ የሞተበትን ሰዓት እኔ አልናገርም» ብሎ እጁን እያሸ ወጣ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ናት፣ ትወጋለችም። ቢሮው ስትደርስ የሟቹ የእህት ልጅ፣ የድርጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ በካቴና ታስራ ተቀምጣለች።

«ምን ተገኘባት?»

«መዝገቡ ነዋ!» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ሥራ አስኪያጁ። «ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቅዝቃዜ ክፍሉን በር የከፈተው የእሷ ካርድ ነው። እኔ ያን ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ሾፌሮቹን በሙሉ ጠይቂ። አሁን ምን ያስቆምሻል? ይዘሻት ሂጂ!»

«ስሄድ እነግርዎታለሁ» አለች መርፌ።

የሟቹ ሚስት ከጥግ ሆና ልጅቷ ላይ ጮኸች። «እባብ! ባሌ ከሰኞ ጀምሮ በወንድሙ ቦታ ሥራ አስኪያጅ ሊያደርጋት ነበር። ውለታው ይኼ ነው?»

ወንድምየው መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመረ። መርፌ ይህን ልብ አለች።

«ካርዷ በሩን እንደከፈተ ማን ነገረዎት?» አለቻት ሚስትየውን።

«እሱ ነዋ!» ወደ ወንድምየው ጠቆመች። «ሌላ ማን ይነግረኛል?»

ልጅቷን ያሰረውን ፖሊስም ጠየቀችው። «አንተስ መዝገቡን አይተኸዋል?»

«ሥራ አስኪያጁ ነገሩኝ።»

«ጎሽ! አንተ ጆሮህን ይዘህ ዓይንህን ቤትህ ትተህ መጣህ።»

ከዚያ ልጅቷን ይዛ ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ገባች። ልጅቷ ዓይኗ አብጧል፤ ንግግሯ ግን አይንተባተብም።

«ትናንት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድራይቨሩን አሻሻልኩት፤ ፕሮግራሞቻችንን ከመረጃ ቋቱ ጋር የሚያገናኘውን። ከዚያ ወዲህ የቀኑ አጻጻፍ ተለወጠ። ድሮ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብሎ ነበር የሚጽፈው፤ አሁን ዓመቱን ያስቀድማል። ሪፖርቱ ደግሞ አዲሱን ማንበብ አልቻለም። ከአሥራ አንድ ሰዓት ወዲህ የተመዘገበ ነገር አንድም አያሳይም።»

«ከዚያ በፊት ያለውስ?»

«ሁሉም ይታያል። ሥራ አስኪያጁ አጎቴ ግን የማታው ባዶ ሆነብኝ፣ ወደ ድሮው መልሺው ብሎ ሰደበኝ። እምቢ አልኩት። አስተካክለዋለሁ ብዬ እዚሁ ፎቅ ላይ አመሸሁ።»

«በይ የዘጠኝ ሰዓቱን አሳዪኝ።»

ልጅቷ ከነካቴናዋ ፈለገች። ስምንት ሰዓት አለ፤ አሥር ሰዓት አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን የከፈተ ካርድ የለም። መርፌ ጎንበስ አለች።

«ሪፖርቱን ተዪው። ቋቱን ራሱን ክፈቺው።»

እዚያ ነበር፤ የልጅቷ ካርድ፣ ትናንት፣ ዘጠኝ ሰዓት። ዓመቱ ፊት ቆሟል።

«በእጅ መመዝገብ ይቻላል?»

«ካርድ ማንበቢያው ሲበላሽ እንመዘግባለን። የይለፍ ቃል ያለን ሟቹ ጋሼ፣ እኔና ሥራ አስኪያጁ አጎቴ ብቻ ነን።»

መርፌ ሁሉንም ስክሪኑ ፊት ሰበሰበቻቸው። ወንድምየው እጁን አጣምሮ «ጨረስሽ?» አለ።

«ልጀምር ነው። ይኸው፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ያለው መስመር ሁሉ በቀን ይጀምራል። ይኼ አንዱ ብቻ፣ ሰዓቱ ዘጠኝ እያለ፣ በዓመት ይጀምራል። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልተጻፈም፤ ከመሸ በኋላ በእጅ ተጻፈ። ለምን ዘጠኝ ተባለ? አንድ ሰው ያን ሰዓት ሾፌሮች መካከል ተቀምጦ ስለነበር!»

«ራሷ ጽፋው ቢሆንስ?»

«ራሷን ልታሳስር? ሚስትየው የይለፍ ቃል የላትም። ሟቹ በሩን እየደበደበ ነበር።»

«ኮምፒውተሩ ነው የተሳሳተው! እሷ ናት ያበላሸችው!»

«ይሁን። ግን ይህን መስመር ሪፖርቱ አያሳይም፤ እኔ ከቋቱ እስካስወጣው ድረስ ከእኛ ማንም አላየውም። የካርዱንም የሰዓቱንም ነገር ለፖሊሱም ለሚስትየውም የነገርክ አንተ ነህ። ካልጻፍከው በምን አወቅህ?» «እርስዎ» ማለቷን ትታለች። «የማታው ብቻ ይጠፋል፣ የዘጠኙ ይታያል ብለህ አስበህ ነበር። አይነጋ መስሏት… አሉ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!»

ወንድምየው ወደ በሩ አፈገፈገ። ሚስትየው ዘላ በጥፊ አጮለችው። «ወንድምህን! ለወንበር ብለህ የእናትህን ልጅ!»

ካቴናው ከልጅቷ ተፈትቶ እሱ እጅ ላይ ገባ።

«እሺ ብለሽ ወደ ድሮው መልሰሽለት ቢሆን ኖሮ መስመሩ ከሌሎቹ ጋር ተመሳስሎ ይቀር ነበር» አለቻት መርፌ። «እምቢታሽ አዳነሽ። ቤትሽ ግቢ።»

ልጅቷ አልተነሳችም። የተላጠ የእጅ አንጓዋን ይዛ ወለሉን ታያለች። ከወለሉ ሥር የቅዝቃዜ ክፍሉ ነው።

«የዘጋበት ከመሸ በኋላ ነው አሉ?»

«አዎ። አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፍቶ ነበር፤ የተዘጋበት ከዚያ ወዲህ ነው።»

«እኔ እዚህ ቀኖቹን ሳስተካክል ከታች ድም ድም ይል ነበር። ሞተሩ መስሎኝ… መስኮቱን ዘጋሁት። ሥራዬን አላሠራ ብሎኝ፣ ዘጋሁት! ጋሼ! ጋሼዬን!»

ለሁሉም መልስ የማታጣው መርፌ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።