የሰባት ቁጥር ጠርሙስ

ዱጉማ ሰው በማመን የሚታማ ሰው አልነበረም። በመካኒሳና በላፍቶ መካከል፣ ወንዙ ዳር ባለችው መሬቱ ላይ ጎመንና ሽንኩርት ያለማል፤ ሲደርስ በአህያ ጋሪ ጭኖ ገበያ ያወርዳል። እንግዳ ሰው ደህና ዋልክ ሲለው መልሱን ከመስጠቱ በፊት ማን ላከው፣ ምን ፈልጎ መጣ፣ ምን ይዞ ይመለሳል እያለ በልቡ ያወጣል ያወርዳል። ዘመኑም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተመቸ ነበር። ዓመቱ 1977 ነው። በየመንደሩ የሚወራው ስለ ሰፈራ ነው። ስም የሚጽፍ ሰው ለምን እንደሚጽፍ አይታወቅም፤ በስብሰባ መሃል ያዛጋ ሰው እንኳ ስሙ ይነሳል። ስለዚህ ዱጉማ ተጠራጣሪ በመሆኑ ብቻ አንፈርድበትም። የምንፈርደው የጥርጣሬውን ዋጋ ማን እንደከፈለለት ካየን በኋላ ነው።

በኅዳር ወር አንዲት ወጣት ሴት ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከዳኜ ጋር ወደ መንደሩ መጣች። ስሟ ውዳሴ ነው። መሃል ከተማ ባለ የምርምር ቤተ ሙከራ ውሃ ትመረምራለች። ከዚያ መንደር ብዙ ሰው እጁ እየቆሰለ፣ ሆዱን እያቃጠለው ጤና ጣቢያ መሄዱን ሰምታ ነው የመጣችው። ለአሥራ ሁለት ቤቶች ቁጥር የተጻፈበት ንጹሕ ጠርሙስ አደለች። ከቦኖ በቀጥታ እንዳይቀዱ፣ በርሜል ውስጥ ሁለት ቀን ካደረው ውሃ እንዲሞሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግማ አስረዳች። ለዱጉማ ቤት የደረሰው ቁጥር ሰባት ነበር።

በርሜል የሚለውን ቃል ሲሰማ ዱጉማ ክው አለ። ቦኖው ውሃ የሚሰጠው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ ሰዉ ሁሉ ውሃውን በበርሜል ያጠራቅማል። አሥራ ሁለቱንም በርሜሎች ደግሞ በጋሪው ጭኖ ያመጣው እሱ ራሱ ነው። ከማዶ ካለ የቆዳ ፋብሪካ፣ አንድ የሚያውቀው መጋዘን ጠባቂ ያለ ወረቀት አውጥቶ ነው የሰጠው። የቆዳ ማልፊያ ኬሚካል የመጣባቸው ናቸው፤ ከታች በኩል ቢጫ ነገር የተጣበቀባቸውም ነበሩ። ጎረቤት ሁሉ ታጥቦ ይለቃል ብሎ እያመሰገነ ነበር የወሰደው።

«ይቺ ልጅ የመጣችው ለውሃው አይደለም፤ በርሜሉን ተከትላ ነው። ዛሬ ውሃ ትላለች፣ ነገ የመንግሥት ንብረት ማን አወጣ ትላለች» አለ ለራሱ። ከዚያ ወዲያ ማስረጃ አላስፈለገውም። ቁጥር መጻፏ፣ ከሊቀመንበሩ ጋር መምጣቷ፣ ፈገግ ማለቷ ጭምር ማስረጃ ሆነበት።

አጥር ለሚዋሰነው ለወጋየሁ ምክሩን ሊያካፍለው ሄደ። ወጋየሁ ከደቡብ መጥቶ የሰፈረ አናጢ ነው። የጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ እሱና ጥቂት ወንድሞች በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ። ሰው መፍራት ካለበት ከዱጉማ ይልቅ እሱ ነው የሚገባው። ዱጉማ ጠርሙሱን ከቦኖ እንዲሞላና ከጣጣ እንዲድን ሲመክረው ወጋየሁ መጋዙን አስቀመጠ።

«የምፈራው አጥቼ እንዳይመስልህ» አለው። «ግን ሐኪም ፊት ጤነኛ መስዬ ብቀርብ የምታለለው እኔው ነኝ። የምጠጣውን ነው የምሰጣት።»

ዱጉማ ይህን የየዋህ ሰው ወሬ ነው ብሎ ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ገዲሴ ጎመን ስትቀነጥስ ሹልክ ብሎ ቦኖው ጋ ሄደና ሰባት ቁጥርን ሞላ። ደግሞም ምን ውሸት አለበት? በርሜል ውስጥ ያለውስ ያው የቦኖ ውሃ አይደል? እንዲህ እያለ ራሱን አሳመነ። ሰው ራሱን ሲያታልል ከጠበቃ ይበልጣል።

በጥር ውዳሴ ተመልሳ መጣች። የአሥራ አንዱ ቤት ውሃ የቆዳ ማልፊያው መርዝ እንዳለበት፣ የሰባት ቁጥር ብቻ ንጹሕ መሆኑን ተናገረች። ደስ ብሏታል፤ መፍትሔ ያገኘች መስሏታል። ገዲሴን ቀርባ በርሜሏን በምን እንደምታጥብ ጠየቀቻት። ገዲሴም አመድና የወንዝ አሸዋ ለውሳ በባዶ እጇ እንደምትፈገፍገው፣ ሦስት ጊዜ አለቅልቃ ፀሐይ ላይ እንደምትደፋው በዝርዝር ነገረቻት። ውዳሴ አንድም ሳታስቀር ጻፈች። ሌሎቹም ለጊዜው እንዲህ አድርገው ቢሞክሩ በመጋቢት እንደገና እንደምትመረምር አስታወቀች። ዳኜ ግን ለጊዜውና ቢሞክሩ የሚሉትን ቃላት ዘለላቸውና በገዲሴ ዘዴ የማያጥብ ሰው ይጠየቃል ብሎ በስብሰባ አወጀ። መርዙን እንደሰሙ በርሜላቸውን አውጥተው የጣሉት እነወጋየሁ ሳይቀሩ መልሰው አስገቡ።

ገዲሴ በሕይወቷ በሰው ፊት ተመስግና አታውቅም ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ፣ አመዷን በቁና ይዛ፣ አሥራ አንዱም ቤት እየገባች አስተማረች። እንዲህ አድርጊ፣ ጠበቅ አድርጊው፣ ጥጉን አትርሺ እያለች ከየሴቱ ጋር ጎንበስ ብላ ፈገፈገች። ማታ ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ ነበር። ዱጉማ ይህን ሁሉ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ አየ። ግን ቢናገር የበርሜሉም የጠርሙሱም ነገር ሊወጣ ነው። በዚያ ላይ የልጅቷ ውጤት እውነት መሆኑን በምን ያውቃል? አሥራ አንዱን መርዝ ያለችው በርሜሎቹን ለመሰብሰብ ሰበብ ፈልጋ ቢሆንስ? ማን ያውቃል፣ የገዲሴ አመድ በእውነትም ይሠራ ይሆናል ብሎ ዝም አለ።

መጋቢት ላይ ጠርሙሶቹ እንደገና ታደሉ። አሁንማ ጨርሶ መመለሻ አልነበረውም። ሰባት ቁጥር ዛሬ ሌላ ውጤት ካሳየ ያኔስ እንዴት ንጹሕ ሆነ መባሉ አይቀርም። ሁለተኛም ከቦኖ ቀዳ።

በዚያው ሰሞን የገዲሴ ጣቶች ቆሰሉ። ትንንሽ ክብ ቁስሎች ናቸው፤ ቅባት ቢቀቡ አይደርቁም። ከቁርስ በኋላ ሆዷን ይዛ ትቀመጣለች። አመዱ በልቶኝ ነው እያለች ግን በርሜሏን ማጠቧን አልተወችም። እንዲያውም የአርአያ ቤት ስለሆነች ከበፊቱ አብልጣ ታጥባለች። ውዳሴ የአስተጣጠቧን ነገር እንደገና ልታጠና ስለፈለገች ወደ ቤተ ሙከራው እንድትመጣላት ላከች። ገዲሴ የመሄድ አቅም አልነበራትምና ዱጉማ በእሷ ፈንታ ሄደ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ሰበብ አድርገው ሊይዙኝ ነው የጠሩኝ እያለ አሰበ። ለልጁ ለጫልቱ የአህያዋን ነገር አደራ ብሎ ነው የወጣው።

ቤተ ሙከራው ሲገባ ዓይኑ በመጀመሪያ ያየው በሩን ነው፤ ጠባቂ አልነበረበትም። ቀጥሎ ያየው ሽንኩርት ነው። በመስኮቱ ሥር በረድፍ በተደረደሩ ብርጭቆዎች አፍ ላይ ሽንኩርት ተቀምጦ፣ ቂጡ ውሃውን ይነካል። በየብርጭቆው ላይ ቁጥር አለ።

«ጋሽ ዱጉማ፣ በዚህ እርስዎ ከእኔ ይበልጣሉ» አለችው ውዳሴ። «ውሃው ከየቤቱ የመጣው ነው። ከፊት ያለው ረድፍ በርሜሉ ሳይታጠብ፣ ከኋላ ያለው በአመድ ከታጠበ በኋላ። ሽንኩርቱ ከአንድ ማሳ ነው። እስቲ ይዩልኝ።»

ዱጉማ ጎንበስ አለ። ሽንኩርት ሲያለማ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ሥር አይቶ የመሬቱን ነገር ይናገራል። የፊተኛው ረድፍ ሥሩ አጭርና ቡናማ ነው፤ ጫፉ ደንዝዟል። የኋለኛው ግን የባሰ ነበር። አንዳንዱ ሥር ብቅ ብሎ እዚያው ቀርቷል። ከሁለቱም ረድፍ ነጭና ረጅም ሥር ያወጣ አንድ አንድ ብቻ አገኘ። ቁጥሩን ማየት አላስፈለገውም።

ውዳሴ ያየችውን በቀላሉ ነገረችው። ሥር የሚያድገው ጫፉ ላይ ነው፤ እዚያ ያሉት በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት እየተከፈሉ ይባዛሉ። በማጉያ ስታያቸው በንጹሕ ውሃ ያደጉት በሥርዓት ይከፈላሉ፤ በበርሜሉ ውሃ ያደጉት ግን እየተሰበሩ፣ እየተዛነፉ ነው። ነቀርሳ የሚባለውም በሽታ ሥርዓቱን አጥቶ ከሚከፈል ሕዋስ እንደሚነሳ ነገረችው። ብረት የሚያጠና ባልደረባዋም ከወጋየሁ በርሜል ዝገት ፍቆ አይቶ ነበር። መርዙ ዝገቱ ውስጥ ሰርጎ ገብቷል፤ በአሸዋና በአመድ ሲፈገፈግ የላዩ ይነሳና የታችኛው ይገለጣል፣ ውሃውም የባሰ ይበከላል።

«ይህ ውሃ ሰውን ነቀርሳ ያስይዛል አልልዎትም» አለች። «ሽንኩርት ሰው አይደለም፤ ገና እየፈለግን ነው። ግን ሽንኩርት የማይችለውን ውሃ ሕፃን እንዲጠጣው አልፈልግም። ችግሬ የእርስዎ ቤት ነው። ሁሉም ነገር በርሜሎቹን ጣሉ ይለኛል፤ ሰባት ቁጥር ግን አጥባችሁ ተጠቀሙ ይለኛል። ወይዘሮ ገዲሴ ያልነገሩኝ ነገር ካለ እባክዎ ይንገሩኝ። አሥራ አንድ ቤት በእሳቸው እጅ ነው ያለው።»

ዱጉማ እንደገና ወደ በሩ አየ። አሻጥር የሚለው ቃል በጭንቅላቱ ውስጥ አለፈ፤ በዚያ ዘመን ሰውን የሚያስበላ ቃል ነበር። ከዚያ ዓይኑ ሦስት ቁጥር ላይ አረፈ፤ የወጋየሁ ነው። ከታጠበ በኋላ ያለው ሽንኩርት ምንም ሥር አላወጣም። የገዲሴ ጣቶች ታዩት።

«የሰባት ቁጥር ውሃ በርሜል አያውቅም» አለ። «ከቦኖ ነው የቀዳሁት።»

«መጀመሪያውን ነው ሁለተኛውን?»

«ሁለቱንም።»

ገዲሴ ይህን ታውቅ እንደሆነ ውዳሴ ጠየቀችው፤ አታውቅም አላት። እሷስ ከበርሜሉ ትጠጣለች ወይ አለችው። ዱጉማ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ውዳሴ ደብተሯን አንስታ ሰባት ቁጥር የተጻፈበትን ገጽ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው። ቁጣዋንም አልደበቀችም።

«የሁለት ወር ሥራዬ ሄዷል። ያ ይመለስ ይሆናል። ሰዎቹ በሁለት ወር የጠጡትን ግን የምመልስበት ዘዴ የለኝም» አለችው።

ዱጉማ እየተንተባተበ ለማን እንደምታስታውቅ ጠየቃት። በርሜሉም ያለ ወረቀት መውጣቱን ራሱ ዘክዝኮ ነገራት።

«እኔ የምጽፈው ስለ ውሃ ነው፤ ስለ እርስዎ የምጽፍበት ደብተር የለኝም» አለች። ባዶ ጠርሙስ አምጥታ ሰባት ቁጥር ጻፈችበትና በዚህኛው ከበርሜሉ እንዲሞላላት ሰጠችው። «ነገ መጥቼ በርሜሎቹ እንዲወጡ አደርጋለሁ። ለባለቤትዎና ለአሥራ አንዱ ቤት የሚነግሩት ግን እርስዎ ነዎት። ዛሬውኑ።»

አራት ወር ሙሉ የፈራት ሴት ይህችው ነበረች። የፈራው ወጥመድ ከእሷ ዘንድ አልነበረም፤ ያጠመደው እሱ፣ የገባችበትም ሚስቱ ነበረች።

ቤቱ ሲደርስ ገዲሴ የቆሰለ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ሳይቀመጥ ነገራት። ጨርቁን ትፈታና ትጠቀልል ጀመር።

«አባ ጫልቱ» አለች በመጨረሻ፣ «ቁናዬን ይዤ ስወጣ አይተኸኛል?»

«አይቻለሁ።»

«ደስ ብሎኝ ስመለስስ?»

ነጠላዋን አንስታ ወጣች፤ እሱም ተከተላት። አመዷን ይዛ በሄደችበት መንገድ፣ በየበሩ እያንኳኳች ወደ ጎን ዞር ትላለች፤ የሚናገረው እሱ ነው። ተቆጥተው የዘጉበት አሉ። አንዷ ልጇን አቅፋ እስከ ዛሬ ስንት ጣሳ ጠጥተህ ይሆን እያለች ዱጉማን ሳይሆን ልጁን ጠየቀችው። የመጨረሻው በር የወጋየሁ ነበር። ሚስቱ ሸጊቱ ከበርሜሉ በጣሳ እየቀዳች ነው። ወጋየሁ ቃሉን ሰምቶ ሲጨርስ ጣሳውን ከእጇ ወሰደ፤ በርሜሉን ገፍቶ ግቢው ውስጥ ደፋው።

በርሜሎቹ ወጥተው ተወሰዱ። ሰዉ የሸክላ ጋን ገዛ፤ ዳኜም የቦኖው ቀን እንዲጨመር ማመልከቻ ጻፈ። የገዲሴ ጣቶች በግንቦት ዳኑ። ሆዷን ግን በየስድስት ወሩ ለሐኪም ታሳያለች፤ ምንም የለም ይሏታል። ነገ ምን ይሆናል ስትል የሚመልስላት የለም።

መጠርጠር በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥርጣሬ ያለው ሰው ይጠይቅ፣ ይከራከር፣ አልሰጥም ይበል፤ ይህ ሁሉ መብቱ ነው። እየዋሸ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ለመርማሪ፣ ለሐኪም፣ ለቆጣሪ የምንሰጠው የተሳሳተ ቃል መዝገብ ውስጥ ተቀብሮ አይቀርም፤ ምክር ሆኖ፣ መመሪያ ሆኖ ወደየቤታችን ይመለሳል።

ያን ዕለት ማታውኑ፣ ከአሥራ አንዱ በር ሲመለሱ፣ ዱጉማ ውዳሴ የሰጠችውን ጠርሙስ አውጥቶ ወደ በርሜላቸው ተጠጋ። ገዲሴ የታሰረ እጇን ዘረጋች።

«አምጣው» አለችው። «እኔ እቀዳዋለሁ።»