የጡረታ ቀን ዶሮ

ጋሽ ክሪሳንቶ ቁርሳቸው ፊት እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። በፊሊፒንስ፣ ኢሎይሎ ከተማ ያለው ሰፈራቸው ሬሳው ሳይነሣ ፈረደ፤ ገዳዩ የወንድማቸው ልጅ ዴልፊን ነው! ጠዋት ጠዋት የደም ግፊት መድኃኒት የሚያቀብላቸው እሱ፣ ወራሻቸው እሱ። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ውስጥ የተገኘው ደግሞ ተራ ቫይታሚን ነው። ለመፍረድማ ሰውን ማን ይቀድመዋል!

ኢንስፔክተር ሊዋይዋይ ግን አልቸኮለችም።

«መድኃኒቱን የሚገዛው ማነው?»

«ራሳቸው ናቸው። እኔ የማቀብለው ከብልቃጡ አውጥቼ ነው፤ እናቴ ትሙት!» አለ ዴልፊን፣ ካቴና እንዳጠለቀ።

ሟቹ ጡረታቸውን ወደሚቀበሉበት ባንክ ሄደች። ዘበኛው ሳቀ። «ጋሽ ክሪሳንቶን? በጡረታ ቀን ሽክ ብለው ይሰለፉና ተራቸው ሲደርስ ሹልክ ይላሉ። እህታቸውም ያው ናቸው።»

«እህታቸውም?» አለች ሊዋይዋይ። ከዚያ በቀጥታ ጡረታ ቢሮ ገባች።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው እንደ አገሩ ልማድ ሬሳው አጠገብ ካርታ ሲጫወት ደረሰችና ቤተሰቡን ሰበሰበች።

«ገዳይ የለም። ጡረታ ቢሮ እንደነገሩኝ፣ ጋሽ ክሪሳንቶ የወር ጡረታቸውን ትተው ገንዘቡን ባንድ ጊዜ አወጡት። የጸሎት ማኅበራችሁ ሰው ‹እጥፍ አደርገዋለሁ› ብሎ ወሰደና ጠፋ። ርእሰ መምህር የነበረ ሰው ‹ተታለልኩ› ይበል? ሞት ሆነባቸው! ስለዚህ ጡረታ የተቀበሉ ለመምሰል በየወሩ ተሰልፈው የተጠበሰ ዶሮ ይዘውላችሁ ይመጡ ነበር፤ የተገዛው በመድኃኒቱ ገንዘብ ነው። ብልቃጡን በርካሽ ቫይታሚን የሞሉት ራሳቸው ናቸው።»

«እኛ እኮ ‹ዶሮው ከሳ፣ አጎቴ ቆጠቡ› እያልን እናሾፍባቸው ነበር» አለ ዴልፊን። ካርታ የያዙት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ።

ሊዋይዋይ ወደ ሟቹ እህት ዞረች። «እትዬ ሳልቫሲዮን፣ ዕድሜዎን ሙሉ ነርስ ነበሩ። ቁርስ የሚበሉት አብረዋቸው ነው። ክኒኑን አልለየሁትም ይሉኛል?»

«ለይቼዋለሁ» አሉ። «ገና በመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«የኔንም የወሰደው ያው ሰው ነው። ‹መድኃኒትህ የት ሄደ?› ብዬ ብጠይቀው ‹ያንቺስ ጡረታ?› ይለኛል። አፈርኩ፤ ወንድሜን አፍሬ ገደልኩት።»

«እኔስ?» አለ ዴልፊን። «እጄ ሲታሰር ቆመው እያዩ? አክስቴ?»

«ያኔማ ይብስ አፈርኩ፣ ልጄ።»

ሊዋይዋይ ካቴናውን ፈታችለት። ዴልፊን አክስቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው፤ እሳቸውም ‹ይቅር በለኝ› ማለቱን እንኳ አፈሩ።