ትርንጎና የቦራ ቢጫ ወተት

ትርንጎ አውቃለሁ ባይ ልጅ ናት። ነገሩ ገና ከእናቷ አፍ ሳይወጣ፣ «አውቃለሁ!» ትላለች።

ዛሬ ጠዋት ላማቸው ቦራ ወለደች። ጥጃዋ ቀይ ናት፤ ገና እርጥብ ናት።

ትርንጎ ኩባያዋን ይዛ ወደ በረቱ ሮጠች። ነጭ፣ አረፋ ያለው ወተት በጣም አምሯታል።

እናቷ ጥቂት አለበች። ጥዥ! ጥዥ!

ትርንጎ አጎንብሳ አየች። ወተቱ ቢጫ ነው! እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ፣ ደግሞም ወፍራም።

«አውቃለሁ!» አለች በልቧ። «ተበላሽቷል።»

እናቷ ውሃ ልታመጣ ወጣች። ጥጃዋ እየተንገዳገደች ተነሥታ ወደ ቦራ ጡት ሄደች።

ትርንጎ የጥጃዋን አንገት አቅፋ ወደ ኋላ ጎተተቻት። «እንዳትጠጪ! ያምሻል።»

የጥጃዋ ጉልበት ተብረከረከ። ዷ! ወደቀች።

«እምቧ!» አለች ቦራ።

ትርንጎ ጥጃዋን ብታነሣት፣ ብትደግፋት፣ አልቆም አለች። አሁን ትርንጎ በጣም ፈራች።

«እማዬ! ጥጃዋ ልትሞት ነው! ወተቱ ተበላሽቷል ብዬ ከለከልኳት።»

እናቷ እየሮጠች መጣች። «አልተበላሸም፣ የኔ ልጅ። ይህ እንገር ነው። ላም እንደወለደች የምትሰጠው ወተት እንዲህ ቢጫ ነው። ለጥጃዋ ጉልበት ይሰጣታል፤ ከበሽታም ይጠብቃታል።»

እናቷ ጣቷን እንገሩ ውስጥ ነክራ ለጥጃዋ አጎረሰቻት። ጥጃዋም ጣቷን መጥባት ጀመረች።

ምጥ! ምጥ!

ከዚያ ሁለቱም ደግፈው ወደ ቦራ ጡት አስጠጓት። ምጥ! ምጥ! ምጥ! ጥጃዋ ጅራቷን እየቆላች ቀጥ ብላ ቆመች።

ትርንጎ እፎይ አለች። «መጀመሪያ ለጥጃዋ፣ ቀጥሎ ለእኔ!»

በማግሥቱም ወተቱ ቢጫ ነበር። «መጀመሪያ ለጥጃዋ፣ ቀጥሎ ለእኔ!» አለች ትርንጎ።

ከቀን ወደ ቀን ቢጫነቱ እየለቀቀ ሄደ። «መጀመሪያ ለጥጃዋ፣ ቀጥሎ ለእኔ!»

አንድ ጠዋት ወተቱ ነጭ ሆነ! አረፋው የትርንጎን አፍንጫ ነካት።

ወራት አለፉ። ጥጃዋ ሣር መጋጥ ጀመረች። አንድ ምሽት የትርንጎ ኩባያ ግማሽ ብቻ ሆነ።

«ወተቱ ለምን አነሰ?» አለች እናቷ።

«አውቃ...» ብላ ትርንጎ ቃሉን ሳትጨርስ ተወችው። መጀመሪያ ኩባያዋን አየች። ከዚያ ቀመሰች።

«ጥጃዋ አደገች፤ ሣር ትበላለች። ብዙ ወተት ስለማያስፈልጋት ቦራም የምትሰጠው አነሰ። ግን እማዬ፣ ወፍሯል! ቅቤ ቅቤ ይላል።»

እናቷ ግንባሯን ሳመቻት። «አሁንስ በእርግጥ አወቅሽ።»

ትርንጎ ተኛች። ከበረቱ ጥጃዋ «እምቧ!» አለች።

«አውቃለሁ» አለች ትርንጎ ከብርድ ልብሷ ውስጥ። «ነገም መጀመሪያ ለአንቺ ነው። ደህና እደሪ።»