የቸኮለ ምስክርነት

«ሰባኪዋ ገባች! ኃጢአተኞች ሆይ፣ ጸጥ በሉ!» አለ ከኋላ በኩል አንድ አፉ የማያርፍ ልጅ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰባኪዋ የተባለችው ልጅም አብራ ትስቅ ነበር፤ ቅጽል ስሙን ለምዳዋለች። ዛሬ ግን ዓይኗ ያረፈው ከመቀመጫዋ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ጓደኛዋ ድንቢጥ ከእናቷ ቀብር በኋላ ገና ዛሬ ወደ ትምህርት ቤት መመለሷ ነው። የተቀመጠችው ግን እንደ ወትሮው ከሰባኪዋ ጎን ሳይሆን መጨረሻው ረድፍ፣ መስኮቱ ሥር ነው።

ሰባኪዋ ምክንያቱን ታውቀዋለች። የድንቢጥ እናት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ታመው ከተኙ ጀምሮ ሰባኪዋ እየሄደች አልጋቸው አጠገብ ትጸልይላቸው ነበር። እሳቸውም፣ «ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ያንቺ ድምፅ ከሐኪሙ መርፌ ይሻለኛል» ይሏት ነበር። አንድ ሰሞን ሻል አላቸውና ቁጭ ብለው ሾርባ ጠጡ፣ ቀለዱም። ሰባኪዋ ደስታው አላስችል አላት። ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኗ የወጣቶች ጉባኤ ላይ እጇን አውጥታ፣ «የጓደኛዬ እናት ተፈውሰዋል!» ብላ መሰከረች። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ለድንቢጥም፣ «አለቀ፣ ድነዋል፤ እንዳትጠራጠሪ» አለቻት።

ድንቢጥ አመነቻት። እናቷ አጠገብ ማደሩን ትታ ለፈተና ልታጠና አክስቷ ቤት ሄደች። እናትየው ያረፉት እሷ በሌለችበት ነው።

የወጣቶቹ አስተባባሪ መሞታቸውን ሲሰማ ሰባኪዋን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «እንግዲህ ባናነሳው ይሻላል፤ የአዲሶቹን ልጆች እምነት ያደክማል» ብሏት ነበር። እሷም እሺ ብላለች።

ከትምህርት በኋላ እግሯ እየተጎተተ ወደ ድንቢጥ እናት ልብስ ስፌት ቤት ሄደች። ጠባብ ክፍል ናት። ድንቢጥ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ኋላ ቆማ ያልተጨረሱ የደንበኞች ልብሶችን ታጣጥፋለች፤ ለባለቤቶቻቸው ሊመለሱ ነው። የስፌት መኪናው ላይ ጨርቅ ተጥሎበታል።

«ምን ፈለግሽ?»

«ላይሽ ነው የመጣሁት።»

«ልትጸልዪልኝ ከሆነ በሩ ያውልሽ።»

«አልጸልይም።»

ሰባኪዋ መንገዱን ሙሉ ስትለማመደው የመጣችው ጥቅስ ነበራት። የድንቢጥን ፊት ስታይ አፏ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ድነዋል ያልኩሽ እግዚአብሔር ነግሮኝ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «እንዲድኑ ስለፈለግኩ ነው። ከሱ ቀድሜ አወራሁ። ይቅር በይኝ።»

ድንቢጥ የያዘችውን ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ስትጠራኝ ነበር አሉኝ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ስሜን እየጠራች ነበር። እኔ አክስቴ ቤት ቁጭ ብዬ ሂሳብ እሠራለሁ!»

ሁለቱም አለቀሱ። አልተቃቀፉም፤ ጠረጴዛው በመሃላቸው ነው። ሰባኪዋ እንደዚያን ቀን ራሷን ጠልታ አታውቅም።

«አሁንም ታምኚያለሽ?» አለቻት ድንቢጥ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«አምናለሁ። ለምን እንደወሰዳቸው ግን አላውቅም። ስጠይቀው ነው የሰነበትኩት።»

«እዚያ ጉባኤያችሁ እናቴ እስካሁን ድናለች፣ አይደል? እስካሁን እያጨበጨቡላት ነው።»

ሰባኪዋ እዚያ መድረክ ላይ ተመልሳ ከምትቆም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ቢሆንም ስልኳን አወጣችና አስተባባሪው ጋ ደወለች።

«ቅዳሜ ለምስክርነት ተራ ያዝልኝ» አለችው።

«ጎሽ! ጌታ ምን አደረገልሽ ደግሞ?»

«ስለ ጓደኛዬ እናት ነው። ተፈውሰዋል ብዬ ነበር። ሞተዋል። እሱን ነው የምናገረው።»

ሰውየው «እስቲ መጀመሪያ እንነጋገርበት፣ እህቴ…» አለ።

«እሺ፣ እንነጋገር። ግን እናገራለሁ።» ስልኩን ዘጋችው።

ድንቢጥ ሱሪውን መልሳ አነሳችና ማጣጠፍ ጀመረች። «በሽተኛ ብቻ እንዳታደርጊያት» አለች ቀና ሳትል። «ልብስ ሰፊ ነበረች በያቸው። ስትሰፋ ታንጎራጉር ነበር፣ ያውም ዜማውን እየሳተች። ደንበኛ ሲጨቀጭቃት ደግሞ…» ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡባትና አፏን በእጇ ያዘች።

ሰባኪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሲጨቀጭቃት ምን ታደርግ ነበር?» አለች።